ከአሳማው ወጥመድ ውስጥ ሆነህ የዋሸኸኝ ቀን

ዘሪዬ፣

ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውናል። ሙት ዓመትህን እንዴት እናድርገው እያሉ የማኅበሩ ሰዎች ሲደዋውሉ ሰነበቱ፤ እኔም «እንነጋገራለን» እያልኩ ስልኩን እዘጋለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅከኝ አይደለም። ተቀይሜህ ነው። ሴት የሞተ ባሏን ትቀየማለች እንዴ ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ትቀየማለች፤ ያውም አጥብቃ። ፎቶህን ከሳሎን አውርጄ መኝታ ቤት አስገባሁት፤ እዚያም ዓይንህ ሲበዛብኝ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። ይህን ስጽፍልህም እንደዞርክ ነህ።

እንድጽፍልህ ያስገደደኝ የቅዳሜው ነገር ነው። ልጃችን ቤዛ እንደ ልማዷ ከምትኖርበት ከፕሌኖ መጥታ ፍሪጁን ከፈተች፣ የጎደለውን አየች፣ ዘጋች፣ ከዚያ ፊቴን አየችና «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ? ከስተሻል እኮ» አለችኝ። እኔ ከምከትፈው ሽንኩርት ቀና እንኳን ሳልል «ጾም ነው» አልኳት። ሁዳዴ ነውና አመነችኝ። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን እጄ እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ቀረ፤ ያቺ መልስ የእኔ አልነበረችምና። ያንተ ነበረች። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም፣ እንዲያው ቀለል አድርገህ ያልከኝ ናት።

ነገሩ ጾም አይደለም። ጡቴ ውስጥ ያዩት ነገር አለ። ናሙና ወስደዋል፤ ውጤቱን ሐሙስ መጥተሽ ስሚ ብለውኛል። ክፉ ይሁን ደህና ገና አልታወቀም። ያስፈራኛል፣ አልዋሽህም። ከሱ እኩል የጨነቀኝ ግን ለቤዛ ልንገራት ወይስ አንተ እኔን እንዳደረግከኝ ላድርጋት የሚለው ነው። መደበቅ እንዴት ቀላል እንደሆነ ቅዳሜ አየሁት፤ ሁለት ቃል ናት፣ ልጅቷም ተረጋግታ ትሄዳለች። ሐሙስ ድረስ ዝም ካልኩ ግን አንተን ስቀየም የከረምኩት ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካንተ ጋር ልጨርስ ብዬ ተቀመጥኩ።

የቤቱን ወሬ ላስቀድምልህ። ሪቻርድሰን ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፤ የጋራዡ በር አሁንም መሃል ላይ ሲደርስ ይነጫነጫል። ግሬፕቫይን ያለው ሆቴል ክፍል ከማጽዳት ወደ ልብስ ማጠቢያው አዛውረውኛል፤ ወገቤ ሲያርፍ እጄ በሙቀቱ ተቃጠለ። ጓደኛህ ታደሰ በየበዓሉ ብርቱካን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቆማል። ብርቱካኑን እቀበለዋለሁ፤ ግባ ግን አልለውም። አንድ ሰፈር አብሮህ ያደገን ሰው ውጭ ማቆሜን ብታይ ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። አልሰማህም። ከከተማ ውጭ ያለው መሬትህም አለ። ሁሉም ሰው ትሸጠዋለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሸጥኩትም። ጎመኑ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። የአሳማው ወጥመድም እንደተተከለ ነው፤ የምጠብቀው እኔ ነኝ።

መሬቱን ከታደሰ ጋር ሆናችሁ ስትገዙት ለጡረታ ብላችሁ ነበር፤ ከካውፍማን ከተማ ወዲያ፣ ጅረት አጠገብ፣ ጎመንና ቃሪያ ልትዘሩ። የመጀመሪያው ጎመን ሊቆረጥ በደረሰ ሰሞን አንድ ጠዋት ስንደርስ መሬቱ ከዳር እስከ ዳር ተገላብጦ አገኘነው። ትራክተር የገባበት ነበር የመሰለኝ። ታደሰ «ይሄ የሰው ሥራ ነው፤ ሶ ፖሊስ ኮል እናድርግ» እያለ ሲፎክር አጥር የሚያዋስነን ዳረል መጣ፤ ያ ባርኔጣውን ከራሱ የማያወርድ ሽማግሌ። ጭቃው ላይ ያለውን ኮቴ በጫማው ጫፍ እያሳየን ሳቀብን። የዱር አሳማ ነው። ከጅረቱ ወጥተው ሥር ሲፈነቅሉ ያደሩት እነሱ ናቸው።

አንተ ወዲያው አማተብክ። ወንጌል ላይ አጋንንት የገባባቸው እሪያዎች ትዝ ብለውህ መሰለኝ። ጠመንጃ ቤቴ አይገባም አልክ፤ መርዝም ያልታሰበውን ሁሉ ይፈጃል አልክ። የቀረው ከነነፍሳቸው የሚይዝ ወጥመድ ሠርቶ፣ የሚወስዳቸው ሰው በትሬይለር እንዲጭናቸው ማድረግ ነበር። እሱንም ቢሆን የንስሐ አባታችንን ሳትጠይቅ አልጀመርክም። «አትብሏቸው እንጂ መያዙ ምን አለበት» ሲሉህ እንደ ልጅ ደስ አለህ። ዳረል የአሳማ ቋሊማ ይዞልን በመጣ ቁጥር ምክንያት ስንፈጥር የኖርነውማ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ቀን ሐኪም ከልክሎኛል ብለኸው አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ሳቅኩ። ያኔ ውሸትህ ያስቀኝ ነበር።

የመጀመሪያው ወጥመድ አሳፋሪ ነበር። ግቢ እንደምታጥሩ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ ሠራችሁት፤ ሲያዩት ያምራል፣ መስመሩም ቀጥ ያለ ነው። አሳማዎቹ ገቡ፣ በሩ ወደቀ፣ ከዚያ ጥግ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ ዘለለና ሄደ። ስንደርስ ባዶ ግቢ ጠበቀን። ዳረል ወጥመድ ጥግ አይኑረው አለን፤ ክብ ከሆነ የሚሮጠው እየዞረ ይሮጣል እንጂ የሚከመርበት ቦታ አያገኝም። ፈታችሁት። ያንን ጠንካራ የከብት አጥር ሽቦ እየቀለሳችሁ፣ የብረቱን ችካል ከውጭ በኩል እየቀጠቀጣችሁ እንደገና በክብ አሰራችሁት። በሩ ከላይ በገመድ ተሰቀለ፤ ውስጥ የተወጠረው ቀጭን ሽቦ ሲነካ ይወርዳል። ታደሰ አውራ ጣቱን ቀጥቅጦ ጥፍሩ ሲጠቁር «ይሄ የእሪያ መንፈስ ነው» እያለ ሰሞኑን ሁሉ ጸበል ሲቀባ ነበር።

የእኔ ድርሻ በቆሎው ሆነ። በበርሜል ዘፍዝፎ፣ እርሾና ስኳር ጨምሮ ማኮምጠጥ ነው፤ ከሩቅ የሚጠራቸው ሽታው ነው። ዳረል በምልክት ጭምር ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። ድፍድፍ እኮ ነው። ጠላ መጥመቅ የተማርኩት ለአሳማ ኖሯል? አንተ ደግሞ ክዳኑን ከፍተህ እያሸተትክ «ይሄን ለአሳማ መስጠት ግፍ ነው» ትል ነበር። ጋራዣችን የሠርግ ቤት ሸተተ፤ ቤዛ አፍንጫዋን ይዛ ነበር የምትገባው። እነዚያን ቅዳሜዎች እወዳቸው ነበር። ይህን አልክድም።

አስቸጋሪው መጠበቁ ነበር። በሩን ከፍተህ ታስረዋለህ። በቆሎውን መጀመሪያ ውጭ ትበትናለህ፣ ከዚያ ደፉ ላይ፣ ከዚያ ውስጥ፣ እያደር ወደ መሃል። ለሳምንታት ማንም አይነካቸውም፤ በልተው ይወጣሉ። ዛፉ ላይ ያሰርከው ካሜራ ፎቷቸውን ወደ ስልክህ ይልካል፤ ቁርስ ላይ አብረን እናያለን። መንጋውን የምትመራው አንዲት ጥቁር እናት አሳማ ነበረች፤ ግልገሎቿን አስገብታ እሷ ውጭ የምትቆም። ዋናው ነገር እሷ ሳትገባ በሩ እንዳይወርድ ነው፤ ግማሹ ከተያዘ ያመለጠው ሁለተኛ አይታለልም። ታደሰ ቸኩሎ አንድ ቀን ሽቦውን ቀድሞ ወጠረውና ግልገሎቹ ብቻ ተያዙ። እናትየዋ ከውጭ ቆማ የምታያቸውን ፎቶ አንተ ከስልክህ አጠፋኸው። እሷን እንደገና ለማላመድ ብርዱን ሙሉ ፈጀብን።

አንተም የተለወጥከው ያኔ ነው። እስከዚያ መሬቱ ያንተና የታደሰ ነበር፤ እኔ ድፍድፍ አቀባይ ነበርኩ። ከኅዳር በኋላ ግን ሁሉን ነገር ለእኔ ታሳየኝ ጀመር። ሽቦ እንዴት እንደሚጠመዘዝ፣ በሩ ሲጣበቅ የት ዘይት እንደሚቀባ፣ ትሬይለር የጎተተ መኪና ወደ ኋላ እንዴት እንደሚነዳ፣ የውኃውን ቧንቧ ከውርጭ በምን እንደምሸፍነው። ስሳሳት አትቆጣም። መንዳት ስታስተምረኝ ከሃይዌይ ላይ ልታስወርደኝ የደረስክ ሰውዬ አትቆጣም። በእርጅናችን ፍቅር አገረሸበት እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሥራ ቦታ ለሴቶቹ ሳይቀር አውርቻለሁ፤ ባልሽን የት ነው ያገኘሽው እያሉ ይቀኑብኝ ነበር። ለካ ርክክብ ኖሯል። እኔ እንደ ሙሽራ ስሽኮረመም አንተ ንብረት እያስረከብክ ነበር።

ሁዳዴ ገባ። በጾሙ አጋማሽ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ መሬቱ ሄድን፤ ታደሰ አልነበረም። በሩን ልትሞክር ሽቦውን ወጥረኸው ነበር፤ ረስተህ በቆሎውን ልትበትን ስትገባ በእግርህ ነካኸውና በሩ ከኋላህ ወረደ። ሳቅ ገደለኝ። አንተም ሳቅክ። ከውጭ ሆነው በገመድ ካልሳቡት በሩ አይነሳም፤ ገመዱ እኔ እጅ ላይ ነበር። ሽቦው ውስጥ ቆመህ ሳይህ ነው ልብስህ እንዴት እንደሰፋብህ፣ ቀበቶህ እንዴት አዲስ ቀዳዳ እንደተበሳለት ልብ ያልኩት። ሳቄን ሳላቋርጥ፣ ምን ሆነህ እንዲህ እንደከሳህ እውነቱን ካልነገርከኝ አላነሳውም አልኩህ። ጣቶችህን በሽቦው መሃል አሾልከህ እጄን ያዝክ። «ጾም ነው» አልክ። «ሽማግሌ ሲጾም እንዲህ ነው፣ ውቤ።» አመንኩህ። ገመዱን ሳብኩልህ።

ተይዘህ እንኳን ዋሸኸኝ፣ ዘሪሁን። የምትሸሽበት አልነበረህም። ከእኔ በቀር የሚሰማህ ሰው አልነበረም፤ የምሽቀዳደምበት ሥራም አልነበረኝም። ከዚያ የተሻለ ሰዓት ከየት ይገኛል? «ውቤ፣ ታምሜያለሁ» ማለት ነበር። ገመዱን ጥዬ፣ በሽቦው ላይም ቢሆን ተንጠልጥዬ ገብቼ፣ እዚያው በቆሎው ላይ አብሬህ እቀመጥ ነበር። ቀሚሴ ይበላሻል አልልም ነበር። እስኪመሽ እናለቅስ ነበር፤ ከዚያ የሚደረገውን አብረን እናስብ ነበር። ስንት ጊዜ ያንን ቀን ከመጀመሪያው አንስቼ እንደገና እኖረዋለሁ መሰለህ፤ በሁሉም ላይ ትነግረኛለህ።

በፋሲካ የሠራሁትን ዶሮ ገፋ አደረግከው። «ሆዴ ጾሙን ለምዶ ነው» አልክ፤ አጠገብህ የተቀመጠው ታደሰም አንገቱን ነቀነቀ። ቤዛ ተነስታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ልታለቅስ እንደነበር አሁን ነው የገባኝ። በሳምንቱ ሕመሙ ጠናብህና ሆስፒታል ገባህ፤ ለትንሽ ምርመራ ነው፣ አይተው ይለቁታል አሉኝ እነ ቤዛ። ልጃችን ነርስ ናት፤ ከእሷ በላይ ማንን ልመን? ወንበር ስቤ አጠገብህ ተቀመጥኩና ስለ ጎመን አወራሁህ።

ሽቦውን የወጠርኩት እኔ ነኝ። «ጥቁሯ አሁን ለምዳለች፣ ዛሬ ወጥሪው» ብለህ ከአልጋህ ላይ የላክኸኝ አንተ ነህ። በነጋታው ጠዋት ፎቶው ስልኬ ላይ መጣ፤ ካሜራውንም ወደ እኔ አዙረኸው ነበር። መንጋው አንድም ሳይቀር ገብቷል፤ ጥቁሯም ውስጥ ናት። አሳየሁህ፤ ፊትህ ሲበራ አየሁ። ሂጂ አልከኝ፤ የሚጭነው ሰውዬ ይመጣል፣ ከእኛ አንድ ሰው ይኑር አልከኝ። ልቆይ ስልህ «ሂጂ እንጂ፤ እኔ የት እሄዳለሁ?» አልክ። ግንባርህን ስሜህ ወጣሁ።

አሳማዎቹ በክቡ እየዞሩ ይሮጡ ነበር። ኩራቴ ወሰን አልነበረውም። ሰውዬው ትሬይለሩን ከበሩ ጋር አስጠግቶ አስገባቸው፤ እናትየዋ መጨረሻ ላይ ገባች። ቪዲዮ አንስቼ ላክሁልህ፤ አልተከፈተም። ደወልኩልህ፤ አይነሳም። ቤዛ ጋ ደወልኩ፤ አይነሳም። ተኝቶ ይሆናል አልኩ። ልሄድ ስል ዳረል መጣ። ያ ዝምተኛ ሰውዬ በድንገት ወሬኛ ሆነ። አጥሩን ላሳይሽ አለ፣ አዲስ የተወለደውን ጥጃ ላሳይሽ አለ፣ በረንዳው ላይ አስቀምጦ በረዶ ያለው ሻይ አቀረበልኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ለምን ብዬ እንኳን አልጠየቅኩም። ለካ ታደሰ ደውሎ እስክመጣ እንዳትለቃት ብሎታል። መሞትህን ከእኔ በፊት ዳረል ያውቅ ነበር።

ታደሰ መጥቶ መኪናሽን ኋላ እናመጣዋለን ብሎ በራሱ መኪና አስገባኝ። «ስልኬ ሞቶብኛል፣ ያንቺን አንዴ» ብሎ ስልኬን ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። መንገዱን ሁሉ እያዘገመ ነዳ። ሙሉ የሆነውን ነዳጅ ልሙላ ብሎ ቆመ። እኔ ግን ስለ አሳማዎቹ ሳወራለት ነበር፤ እናትየዋ እንዴት እንደገባች፣ አንተ ቪዲዮውን ስታይ ምን እንደምትል። እንዲያ እየለፈለፍኩ ወደ ሰፈራችን ታጠፍን። በሥራ ቀን፣ በቀትር፣ መኪና ግራና ቀኝ ተደርድሯል። ደጃፋችን ላይ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። ማንም መናገር አላስፈለገውም።

ወጉን አውቃለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ነው። ግን ይሄ ወግ ባሕር ማዶ ለሞተ ሰው ነው። እኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነበርኩ። እጅህ ሳይቀዘቅዝ መድረስ እችል ነበር። ዳረል ለቅሶ ሊደርሰኝ ሲመጣ፣ በማያውቀው ቤት መሃል ቆሞ፣ እንዲህ አድርግ ስላሉኝ ነው እያለ ይቅርታ ጠየቀኝ። እሱን ምን እለዋለሁ፤ የእኛን ወግ ከየት ያውቃል? ከእናንተ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ይህንንም ድንገተኛ ሞት ስለሆነ ደንግጠው ነው ብዬ ልተወው ነበር። በለቅሶው መሃል ግን አንዲት የማኅበር እህት አጠገቤ ተቀምጣ «ከኅዳር ጀምሮ ሲሰቃይ ከርሞ ዐረፈ፤ ተመስገን በይ» አለችኝ። ከኅዳር ጀምሮ። ዙሪያውን አየሁ፤ ማንም አልደነገጠም። ታደሰ ያውቃል፣ የንስሐ አባታችን ያውቃሉ፣ ይቺ ስሟን በቅጡ የማላውቀው ሴትዮ ታውቃለች። ቤዛን ወደ ጓዳ ጠርቼ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። «አዎ» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ ወዲህ እሷና እኔ የምናወራው ፍሪጅ ውስጥ ስላለውና ስለሌለው ነው።

ሰው ሁሉ «ስለሚወድሽ ነው» ይለኛል። እንዳትጨነቅ ብሎ ነው ይላሉ። እሺ። ግን ያስተማርከኝን አልረሳሁም። በሩ ተከፍቶ ይታሰራል፣ የሚጣፍጥ ነገር ይበተናል፣ ሁሉም ዳር ቆሞ ድምፁን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ የማታውቀው የምትበላዋ ብቻ ናት። የመጨረሻዎቹን ወራት እኔ እንደዚያ ነው ያሳለፍኳቸው። ጣፋጭ ነበሩ። አሁን ግን አንዱን ባስታወስኩ ቁጥር ያኔ ስትስቅ ምን እያሰብክ ነበር የሚል ጥያቄ ይከተለኛል። አንተ ስትሰናበተኝ ነበር፤ እኔ ግን አልተሰናበትኩህም። መሰናበቻዬን ወሰድክብኝ። ሞትህን ተቀብዬዋለሁ፤ ይህንን ግን አልቀበልም።

እስከዚህ የጻፍኩት እሑድ ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት አልሄድኩም። ቤዛ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ነድቼ ፓርኪንጉ ውስጥ ቆምኩና ብሬክሽ መቼ ነው ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። በሥራ ልብሷ ሮጣ መጣች፤ ገና በሩን ሳትዘጋ «ማሚ፣ ምን ተፈጠረ?» አለች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም። ቅዳሜ ዋሽቼሻለሁ፣ ጾም አይደለም፣ ጡቴ ላይ ያዩት ነገር አለ፣ ውጤቱ ሐሙስ ነው አልኳት። እንደ ነርስ የምትጠይቀውን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ ሁሉንም መለስኩላት። ከዚያ ግንባሯን ዳሽቦርዱ ላይ ደፋች። ጀርባዋን ዳበስኳት። «ማሚ፣ እኔ እኮ አልተናገርኩም» አለች። «አይ ስዌር፣ ዳዲ ካለኝ በኋላ ላንቺ አንድም ቀን አልተናገርኩም። ሶ ለምን?»

አልገባኝም። ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። ዘሪሁን፣ ልጅህን በምን እንዳስማልካት ታስታውሳለህ? በኅዳር መኪናህ ውስጥ አስቀምጠህ «እናቴ ትሙት በይ» ብለሃታል። እናቴ ትሙት ለማሚ አልናገርም ብላ ማለች። አንተና እኔ ሰፈራችን ውስጥ በቀን መቶ ጊዜ እናታችንን እየገደልን ነው ያደግነው፤ ለብይም፣ ለከረሜላም፣ ለቀልድም እንምላለን፤ ማንም ጆሮ አይሰጠውም። እሷ ግን ያደገችው እዚህ ሰው አገር ነው። እንደዚያ ምላ አታውቅም። ቃሉን እንዳለ ወሰደችው፤ ከተናገርኩ እናቴ ትሞታለች ብላ። አንተ ስትሞት ደግሞ መሐላው አብሮህ ይለቅ አይለቅ የሚነግራት ሰው አልነበረም። ጓዳ ውስጥ «አዎ» ብላ አፏን የዘጋችው ለዚያ ነው። «ነርስ ነኝ፤ ስቱፒድ መሆኑን አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ማሚ፣ ብናገርና ብትሞቺስ?» ይህን ሁሉ ጊዜ የቀዘቀዘችብኝ መስሎኝ ነበር። እኔን በሕይወት ለማቆየት ነበር ዝም ያለችው።

እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ እንደ አዲስ ተናደድኩብህ። የበደልከኝ እኔን ብቻ መስሎኝ ነበር። ልጄን በእኔ ሞት አስረሃት ሄድክ። ፊቷን በሁለት እጄ ይዤ፣ ያ ቃል የሰፈር ልጆች ቃል ነው፣ ይሄ ሕመም ከሱ ጋር አይገናኝም አልኳት። አሁንም ዓይኗ ሲፈራ፣ የማልሽብኝ እናትሽ እኔ ነኝ፣ እኔው ፈትቼሻለሁ አልኳት። ያኔ አለቀሰች። ብሬኳ አልፎባት ቆየች፤ ለሥራ ሰዎቿ ደውላ የአንድ ሰዓት ፈቃድ ጠየቀች። ያላወራነውን አወራን። የመጨረሻ ሰዓትህን ነገረችኝ፤ እሷ የት ቆማ እንደነበር፣ መስኮቱ ክፍት እንደነበር፣ ስሜን ደጋግመህ እንደጠራህ። ስሜን ስትጠራ እኔ አሳማ ሳስጭን ነበር።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጨርስልህ አልችልም። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ሙት ዓመትህን ግን እንደሚገባህ አደርገዋለሁ፤ ለማኅበሩ ሰዎች ዛሬ እደውላለሁ። ታደሰንም ግባ እለዋለሁ፤ ገብቶ ግን የልቤን ይሰማል። አንተንም ሰው ለቅሶ ላይ እንደሚያደርገው ደግ ደጉን መርጬ አላስታውስህም። ሽቦ ስትቀልስ ከንፈርህን የምትነክሰውን፣ ከበርሜሉ ሥር የምትቀልደውን፣ በሽቦው መሃል እጄን ይዘህ የዋሸኸኝንም ጭምር፣ ሙሉውን ዘሪሁን እስካለሁ አስታውሳለሁ። ያስረከብከኝን መሬት ተረክቤአለሁ፤ ጎመኑንም፣ ወጥመዱንም። መደበቁን ግን አልወርስልህም።

ሐሙስ ቤዛ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ትገባለች። ለማንም እንዳትናገር አላስማልኳትም። ሐኪሙ የሚለውን እሷና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኩል እንሰማዋለን።

ባለቤትህ፣
ውብነሽ